በአንድ ክንፍ ብቻ የታወቀው የነጭ ሣር ወፍ

በታሪክ ትምህርታችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ተምረናል። ነገር ግን የአንዲት ትንሽ ወፍም ታሪክ ሊጻፍ ስለሚገባው፥ እኛ የካምባ ተማሪዎች በዚሁ በጋሞ ምድር የሆነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ከአርባ ምንጭ በስተምሥራቅ፥ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የነጭ ሣር ሜዳ ይገኛል። በ1990 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች የፓርኩን አራዊትና አዕዋፍ ሲመዘግቡ፥ በመንገድ ላይ ሞቶ የወደቀ አንድ ወፍ አገኙ። አካሉ ስለ ተበላሸ አንዱን ክንፍ ብቻ ወሰዱ።

ወፉ ሌሊት በራሪ ነፍሳትን እያደኑ ከሚኖሩት ወገን ነው። በተለምዶ የሌሊት ወፍ የምንላት ግን ልጆቿን የምታጠባ ስለ ሆነች ከዚህ ወገን አትቈጠርም።

ክንፉ በእንግሊዝ አገር በትሪንግ ቤተ መዘክር ሲመረመር፥ ከታወቁት ዝርያዎች የሚመስለው አልተገኘም። ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. አምስት ሰዎች፥ ከእነርሱም አንዱ ኢትዮጵያዊ፥ አይቢስ በተባለው መጽሔት አዲስ ዝርያ መሆኑን አስታወቁ። ስሙንም ሶላላ አሉት፤ በላቲን ቋንቋ ሶሉስ ማለት ብቸኛ፥ አላ ማለት ክንፍ ነውና።

ይሁን እንጂ ክርክሩ በዚህ አላበቃም። የዚህ ወገን ወፎች በላባቸው እጅግ ስለሚመሳሰሉ ሊቃውንት ይልቁንም በድምፃቸው ይለዩአቸዋል፤ ክንፍ ግን ድምፅ የለውም። ከሁለት ልዩ ልዩ ዝርያዎች የተወለደ ዲቃላ ቢሆንስ የሚል ጥያቄም ተነሣ። እንዲህ ከሆነ ሶላላ የሚባል ዝርያ በዓለም የለም ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. ኢያን ሲንክሌርና ጓደኞቹ በዚያው ሜዳ ሌሊት በመብራት ፈልገው አየነው ብለዋል፤ ሆኖም በዓይን ብቻ የታየውን ነገር ሌላ ሰው መርምሮ ሊያረጋግጠው አይችልም።

ነገሩ የስም ክርክር ብቻ አይምሰለን። ሶላላ ራሱን የቻለ ዝርያ ከሆነ፥ በዓለም ላይ ማስረጃው የተገኘው በዚህ ሜዳ ብቻ ነው፤ ሜዳው ደግሞ በቍጥቋጦና በከብት ግጦሽ እየተጐዳ መጥቷል። ሜዳው ከጠፋ መልሱም አብሮ ይጠፋል። ክንፉ በሩቅ አገር ቢቀመጥም፥ ሜዳው ያለው በእኛ ዘንድ ነው፤ የሌሊቱን ድምፅ ለይተው የሚያውቁት እረኞችም የአገራችን ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ከእኛ በኋላ የምትማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ እነርሱን ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ከነቦታውና ከነቀኑ በደብተራችሁ ጻፉ።