አንዲት ቀዳዳ፣ ሁለት ክልሎች
1 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ክብ ቀዳዳ፣ በሌንስ ሰፍቶ ትይዩ የተደረገ ቀይ የሌዘር ብርሃን (የሞገድ ርዝመት 633 ናኖሜትር)፣ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ነጭ ሰሌዳ

ሰሌዳውን ወደ ቀዳዳዋ ያስጠጉት፤ የቀዳዳዋን መልክ የያዘ ቀይ ክብ ያያሉ። ቀስ እያሉ ያርቁት። 20 ሴንቲሜትር ገደማ ሲደርስ የክቡ መሃል ይጨልማል፤ 40 ሴንቲሜትር ላይ ግን ያው መሃል ቦግ ይላል። ድምቀቱም ብርሃኑን ምንም ባይጋርደው ከሚኖረው አራት እጥፍ ገደማ ነው።

ከቀዳዳዋ መሃልና ከጠርዟ የሚነሱት ሞገዶች እኩል መንገድ ስለማይጓዙ ሰሌዳው ላይ ሲገናኙ አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ። ይህ የቅርብ ክልል በፈረንሳዊው ኦጉስተን ፍሬኔል (እ.ኤ.አ. 1788–1827) ስም ይጠራል።

4 ሜትር አካባቢ መልኩ ይረጋል፤ መሃሉ ደማቅ፣ ዙሪያው ደብዛዛ ቀለበቶች። ከዚያ በኋላ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ምስሉም በእጥፍ ይሰፋል፤ ቅርጹ ግን ያው ነው። ይህ የሩቅ ክልል የጀርመናዊውን የዮዜፍ ፎን ፍራውንሆፈርን (እ.ኤ.አ. 1787–1826) ስም ይዟል። እርሱ ምስሉን የተመለከተው በቴሌስኮፕ ነበር፤ ሌንስ የሩቁን ምስል አቅርቦ ያሳያልና።

በሁለቱ ክልሎች መካከል ቁርጥ ያለ ድንበር የለም። መለኪያው የቀዳዳዋ ራዲየስ በራሱ ተባዝቶ ለሞገድ ርዝመቱ ሲካፈል የሚገኘው ርቀት ነው፤ እዚህ 40 ሴንቲሜትር ያህል። ከዚህ ርቀት በብዙ እጥፍ የራቀው የሩቅ ክልል ነው። ቀዳዳዋ በእጥፍ ብትሰፋ መለኪያው አራት እጥፍ ይረዝማል።