ኮራል ከባሕር ወደ እልፍኝ የገባበት ዘመን

በፈረንጅ አቈጣጠር በ1846 ዓ.ም. የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ምክትል አለቃ ባለቤት የነበረችው አና ቲን የተባለች እመቤት፣ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ በቶርኪ ያገኘቻቸውን ሕያዋን ኮራሎች ወደ ለንደን ለመውሰድ ባሰበች ጊዜ፣ በመንገድ እንዳይላተሙ ከሰፍነግ ጋር በመርፌና በክር ሰፍታ የባሕር ውሃ በሞላበት ማሰሮ አኖረቻቸው። ለንደን ከገቡም በኋላ የቤቷ ሠራተኛ በተከፈተ መስኮት ፊት ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እያንቈረቈረች አየር ታገባበት ስለ ነበር፣ ኮራሎቹ በሕይወት ከመቈየት አልፈው ተባዙ።

በአንዲት እመቤት ትጋት የተሞከረው ነገር የብዙ ሰው ልማድ የሆነው ግን በ1845 የመስተዋት ቀረጥ ከተሻረ፣ ምድር ባቡርም የከተማውን ሰው እስከ ባሕር ዳር ማድረስ ከጀመረ፣ ይልቁንም ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በ1854 «አኳሪየም» የተባለውን መጽሐፉን ካሳተመ በኋላ ነው። ጎስ ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ ሰባኪ ስለ ነበረ፣ ባሕሩ ሲሸሽ በዓለት መካከል በሚቀረው ኩሬ ሁሉ የፈጣሪን ጥበብ ይመለከት ነበር፤ አንባቢዎቹም በእርሱ አድናቆት ተማርከው መዶሻና መሮ፣ ማሰሮና ቅርጫት ይዘው ወደ ጠረፉ ወረዱ። ኮራል ከዓለቱ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ዓለቱን ሳይፈልጡ ሊወስዱት አይቻላቸውም ነበር፤ የተወሰደውም በቤት ውስጥ ውሃው ሲበላሽበት ይሞትና በምትኩ ሌላ ይፈለግ ነበር።

ልጁ ኤድመንድ ጎስ በ1907 ባሳተመው «አባትና ልጅ» በተባለው መጽሐፍ፣ በሕፃንነቱ ያያቸው በእንግሊዝ የሚገኙት የዴቨን ጠረፍ ኩሬዎች ተመዝብረው ባዶ እንደ ቀሩ፣ አባቱም ለዚህ ጥፋት ምክንያት የሆኑት የገዛ መጻሕፍቱ መሆናቸውን ተረድቶ እጅግ እንዳዘነ መስክሯል። የታሪኩ ፍሬ ነገር በዚህ ኀዘን ይገኛል፤ ልክ ያልተበጀለት ፍቅር ከጥላቻ ባላነሰ ፍጥረትን ያጠፋልና።

ያው ልማድ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሞቃቱ ባሕር ተሻገረ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፊሊፒንስ ጠላቂዎች፣ ለጌጥ የሚሸጡትን ዓሦች ከኮራሉ ጎሬ ለማስወጣት ሲያናይድ የተባለውን መርዝ ሲረጩ፣ ዓሣው ይደነዝዝ፣ ኮራሉም ይሞት ነበር። የአገሩ መንግሥት በ1977 ኮራል መልቀምን በዐዋጅ ከለከለ፤ በ1985ም ድንጋያማ ኮራሎች ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር እንዳይሸጡ ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መዝገብ ገቡ፤ ከዚያም ወዲህ ኢንዶኔዥያ የንግዱ ዋና ምንጭ ሆነች።

እውነቱን ለመናገር፣ የባሕሩ መሞቅ የሚያደርሰው ጥፋት ከለቃሚው እጅ ይበልጣል። ሆኖም ኮራል ከባሕሩ ውሃ ኖራ እየወሰዱ ቤታቸውን በላይ በላዩ የሚያንጹ ደቃቅ እንስሳት ማኅበር ነው፤ እንደ ቋጥኝ የሚከብበው ዓይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ገበያው አብልጦ ከሚሻቸው ዓይነቶች ብዙዎቹ አዝጋሚ ስለ ሆኑ፣ በአንድ ማለዳ የተነቀለውን ባሕሩ የሚተካው በብዙ ዘመን ነው።

ደግነቱ ከኮራል የተቈረጠች ቅንጣቢ ራሷን ችላ ስለምታድግ፣ ዛሬ በባሕር እርሻና በመስተዋት ገንዳ የተባዛ ኮራል በገበያ ይገኛል። ስለዚህ ይህን ውበት በእልፍኙ ሊያኖር የሚወድ ሰው የሚገዛው ከእርሻ የመጣ ይሁን ከባሕር የተነቀለ አስቀድሞ መጠየቅ ግዴታው ነው፤ ሻጩም የታመነ መልስ ካልሰጠው ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።