ብረት ለበስና መንገድ፦ ከደምበጉና እስከ አብዬ

ከመርካቶ ወደ ጉለሌ የሚወጣ ታክሲ ረዳት «ዊንጌት! ዊንጌት!» ብሎ ሲጣራ ስለ ጦርነት የሚያስብ ተሳፋሪ አይኖርም። ለጉለሌ ሰው ዊንጌት ሰፈር ነው፤ አደባባይ ነው፤ ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም የማይርቅ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ የተሰየመለት ኦርድ ዊንጌት ግን ወታደር ነበር። በ1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነስቶ ጎጃም የገባውን፣ ጌዴዎን የተባለውን ጦር የመራ እንግሊዛዊ መኮንን ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባ ሲገቡ አብሯቸው ነበር። ዛሬም ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ በእንጦጦ ትከሻ በኩል ወደ ሱሉልታ ይሻገራል።

የዊንጌት ጦር ብረት ለበስ አልነበረውም። ስንቅና ጥይቱን የተሸከሙት ግመሎች ነበሩ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት የጎጃምን ዳገትና ብርድ መቋቋም አቅቷቸው መንገድ ላይ አለቁ። ፊት ለፊቱ የቆመው የኢጣሊያ ጦር ምሽግ፣ አውሮፕላንና ብረት ለበስ መኪና ነበረው። ሆኖም በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ከቡሬ ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያፈገፍገው ብዙ ሺህ የኢጣሊያ ጦር በደምበጫ አቅራቢያ ወንዝ ዳር ከአንድ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ሳይታሰብ ተፋጠጠ። የሻለቃው ሰው ጥቂት መቶ ቢሆን ነው። በዚያ ውጊያ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፀረ ታንክ ጠመንጃ ሁለት ብረት ለበሶችን ከጥቅም ውጭ አደረገ። ኢጣሊያኖቹ በብዛታቸው ጥሰው አለፉ፤ ሻለቃውም ክፉኛ ተጎዳ። ብረቱ ግን ውስጡ ያሉትን አላዳነም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ከሰማንያ ዓመት በኋላም መልስ ይፈልጋል። ብረት ለበስ መኪና ወታደርን በእርግጥ ምን ያህል ያድናል? በተለይ ደግሞ የዘመናችን ዋነኛ ገዳይ ከሆነው፣ መንገድ ላይ ከተቀበረ ወይም መንገድ ዳር ከተጠመደ ፈንጂ?

ጥያቄው ለኢትዮጵያ የሩቅ አይደለም። ልጆቿን ሶማሊያ፣ ዳርፉር፣ አብዬና ደቡብ ሱዳን የላከች አገር ናት። በየሰፈሩ፣ ጉለሌንም ጨምሮ፣ የሰላም አስከባሪ ቤተሰብ አለ። ለዚያ ቤተሰብ ይህ የመሣሪያ አዋቂዎች ወግ ሳይሆን የልጅ መመለስና አለመመለስ ጉዳይ ነው።

◾️ የደምበጉና ትምህርት

ከደምበጫው ውጊያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ሽሬ ውስጥ አንድ ነገር ሆነ። ከጎጃም ድረስ የዘመተው የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ አንድ የኢጣሊያ ጦር ወደ ኋላ አስሸሸ። የጠላት ጦር ያፈገፈገው በደምበጉና መተላለፊያ በኩል ነበር። አብረውት ዘጠኝ ትናንሽ ታንኮች ነበሩ። እያንዳንዳቸው ከሦስት ቶን ትንሽ የሚበልጡ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ከፊት የተጠመደ መትረየስ ያላቸው ናቸው።

የብረታቸው ውፍረት በተራ ጠመንጃ ጥይት በቀላሉ አይበሳም ነበር። በወረቀት ሲታይ ጎራዴና አሮጌ ጠመንጃ የያዘ እግረኛ ሊነካቸው አይገባም። የሆነው ግን ሌላ ነው። መንገዱ ጠባብና ድንጋያማ ነው፤ መተላለፊያውን የእምሩ ሰዎች ይዘውታል። ታንኮቹ መዞር አልቻሉም፤ መትረየሳቸው ከፊት ካልሆነ ወደ ጎንና ወደ ኋላ አይመለስም። የኢትዮጵያ ወታደሮች ከጎንና ከኋላ ሄደው ላያቸው ላይ ወጡ። አንዳንዶቹ ታንኮች ተገለበጡ፣ አንዳንዶቹ ተቃጠሉ፣ ሠራተኞቻቸውም ውስጣቸው ወይም ሲወጡ ተገደሉ።

ደምበጉና ላይ የተቀበረ ፈንጂ አልነበረም። ነገር ግን የመንገድ ዳር ፈንጂ ዛሬ የሚሠራበት ስልት እዚያ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ከባድ መሣሪያ መንገድ ይፈልጋል። መንገዱ አንድ ከሆነ የሚያልፍበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል። የሚያልፍበት ቦታ የታወቀ መሣሪያ ደግሞ ጠላቱ የፈለገውን ድክመት መርጦ ይመታዋል። ያኔ ድክመቱ ጎኑና ኋላው ነበር፤ ዛሬ ሆዱ ነው።

◾️ ፈንጂ መኪናን እንዴት ይገድላል?

ብዙ ሰው ብረት ለበስ ሲባል የሚያስበው የግድግዳውን ውፍረት ነው። ለጥይት ከሆነ ልክ ነው። ለፈንጂ ግን ዋናው ወለሉ ነው።

አንድ የተለመደ ፀረ ታንክ ፈንጂ ስድስትና ሰባት ኪሎ ያህል ባሩድ ይይዛል። መኪና ሲጫነው ጉልበቱ አፈሩንም ይዞ ወደ ላይ ይተኮሳል። ወለሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ያ ጉልበት የሚሸሽበት ስለሌለው ሁሉንም ወለሉ ይቀበላል። ብረቱ ባይቀደድ እንኳ በቅጽበት ወደ ላይ ይመታል። እግሩን ወለሉ ላይ ያሳረፈ ወታደር ቁርጭምጭሚቱና ባቱ ይሰበራል፤ ወንበሩ ከወለሉ ጋር የተበየደ ከሆነ አከርካሪው ይጎዳል፤ ቀበቶ ያላሰረ ጭንቅላቱ ከጣሪያው ጋር ይጋጫል። ብረቱ ሳይበሳ ሰው ይሞታል ማለት ነው።

የዚህ መፍትሔ የተገኘው አፍሪካ ውስጥ ነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ ዓ.ም. የነጭ አገዛዞቹ ሮዴዥያና ደቡብ አፍሪካ የነፃነት ተዋጊዎች በገጠር መንገድ በሚቀብሩት ፈንጂ ተቸገሩ። መሐንዲሶቻቸው ወለሉን እንደ ጀልባ ሆድ ወደ ታች አሾሉት። ጉልበቱ ወለሉን ፊት ለፊት መምታቱን ትቶ በሁለቱም ጎን ይንሸራተታል። መኪናውን ከመሬት ከፍ አደረጉት፤ ምክንያቱም ፍንዳታ በርቀት በፍጥነት ይዳከማል። ካስፒር የተባለው መኪና የተነደፈው ከጎማው ሥር 21 ኪሎ፣ ከሆዱ ሥር 14 ኪሎ ፈንጂ ቢፈነዳ ውስጡ ያለው ሰው እንዲተርፍ ነው። የታሪክ ምፀት ሆኖ፣ በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮችን ለማሳደድ የተሠራው ይህ መኪና ከዓመታት በኋላ ሞቃዲሾ ውስጥ የአፍሪካ ኅብረት የኡጋንዳ ወታደሮችን አገልግሏል።

◾️ አሜሪካ ዘግይታ የከፈለችው ዋጋ

ይህ ዕውቀት እያለ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅ የገባችው ሃምቪ በሚባል፣ ወለሉ ጠፍጣፋና ለመሬት በቀረበ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ኩዌት ውስጥ አንድ ወታደር የመከላከያ ሚኒስትሩን ዶናልድ ራምስፌልድን ፊት ለፊት ጠየቀ፤ መኪናችንን ለማጠናከር ለምን ከቆሻሻ መጣያ ብረት እንለቅማለን? ጥያቄው ዓለምን ዞረ። ኢራቅ ውስጥ በጠላት ጥቃት ከሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የገደለው የመንገድ ዳር ፈንጂ ነበር።

በ2007 ቀጣዩ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስ ሾጣጣ ሆድ ያላቸውን ከባድ መኪኖች ከሁሉ ቅድሚያ ሰጧቸው። ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ 27 ሺህ ያህል ተሠሩ። ጌትስ በሺዎች የሚቆጠር ነፍስ አድነዋል ብለው ይሟገታሉ።

ክርክሩ ግን አላበቃም። በ2012 ክሪስ ሮልፍስና ራያን ሱሊቫን የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ፎሪን አፌርስ መጽሔት ላይ ያልተጠበቀ ነገር ጻፉ። ከቀላል መኪና ወደ መካከለኛ ብረት ለበስ መሸጋገር የሞት ቁጥርን በግልጽ ይቀንሳል፤ ከመካከለኛው ወደ ዋጋው ሦስት እጥፍ ወደሆነው ከባዱ መሸጋገር ግን የታየ ተጨማሪ ጥቅም የለውም አሉ። የመኪናው ደጋፊዎችም መልስ አላቸው። ከባዱ መኪና የሚላከው አደጋው ወደ ከፋበት መንገድ ከሆነ የሞትን ቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ፈንጂ የረገጠ ሰው ሾጣጣ ሆድ ባለው መኪና ውስጥ ቢሆን ይሻለዋል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን መኪናው በከበደ ቁጥር ከጥርጊያ መንገድ መውጣት፣ በደካማ ድልድይ ማለፍ፣ በጠባብ መንደር መዞር ያቅተዋል። ቁመቱ ስለሚረዝም ጥግ በለቀቀ መንገድ ላይ ይገለበጣል። ጠላትም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሰባት ኪሎው አልበቃ ሲል ሃምሳና መቶ ኪሎ ይቀብራል፤ ከሆዱ ይልቅ ጎኑን የሚበሳ ፈንጂ ይሠራል። ዞሮ ዞሮ ነገሩ ደምበጉና ይደርሳል፦ ከባድ መኪና፣ አንድ መንገድ፣ የሚጠብቅ ሰው።

◾️ ከአፋቤት እስከ አብዬ

የኢትዮጵያ ጦር ይህን ትምህርት በብዙ ደም ተምሮታል። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. የናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ሲመታ ታንኮችና ከባድ መኪኖች የያዘ ረጅም ሰልፍ በጠባብ ሸለቆ ለማፈግፈግ ሞከረ። የሻዕቢያ ተዋጊዎች ፊት ያለውን መቱ። መንገዱ ተዘጋ፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ወደፊትም ወደ ኋላም ማለት አቃተው። በመጨረሻ መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይወድቅ የገዛ አየር ኃይሉ መጥቶ ደበደበው። በዚያ ሸለቆ ውስጥ የታንኩ ብረት ስንት ሴንቲ ሜትር ነው ብሎ መጠየቅ ትርጉም አልነበረውም።

ከዚያም ሶማሊያ መጣ። ከታኅሣሥ 1999 እስከ ጥር 2001 ዓ.ም. በነበረው ዘመቻ የኢትዮጵያ ወታደር ሞቃዲሾ ውስጥ የመንገድ ዳር ፈንጂን በየዕለት ሥራው አወቀው። ብዙው ጉዞ ኦራልን በመሰለ የጭነት መኪና ላይ ነበር። ኦራል ጠንካራ መኪና ነው፤ ጭቃም ዳገትም አይፈራም። ከኋላው አግዳሚ ላይ ለተቀመጠ ወታደር ግን ከወለሉ ሳንቃ ሌላ ከፈንጂ የሚለየው ነገር የለም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የአብዬው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ሰኔ 20 ቀን 2003 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1990 ለአብዬ 4 ሺህ 200 ሰው የሚይዝ ኃይል አቋቋመ፤ ወታደሩን የምታቀርበው ኢትዮጵያ ነበረች። ገና ከስድስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ ሐምሌ 26 ቀን፣ ማቦክ በተባለ ቦታ ቅኝት ላይ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ፈንጂ ረገጡ። አራት ሞቱ፤ ሰባት ቆሰሉ።

የወቅቱ የተመድ ሰላም ማስከበር ኃላፊ አላን ለሯ በኋላ የተናገሩት ከፍንዳታው የባሰ ነው። ከአራቱ ሦስቱ ወዲያው አልሞቱም። ቁስለኞቹን የሚያነሳው ሄሊኮፕተር ካዱግሊ ዝግጁ ነበር፤ የሱዳን መንግሥት ግን የበረራ ፈቃድ አልሰጠም፤ እንዲያውም ቢነሳ ይመታል የሚል ማስፈራሪያ ደረሰ። ካርቱም ክሱን አስተባበለች። ሦስቱ ወታደሮች ግን እርዳታ ሲጠብቁ አለፉ።

ስለ ብረት ለበስ የሚደረገው ውይይት ብዙ ጊዜ የሚስተው ይህንን ነው። ወታደርን ከመንገድ ዳር ፈንጂ የሚያድነው ሰንሰለት ረጅም ነው። መንገዱን አስቀድሞ የሚፈትሽ ፈንጂ አምካኝ አለ። ትናንት ማታ እዚያ ጋ የማናውቃቸው ሰዎች ሲቆፍሩ አይተናል ብሎ የሚናገር የአካባቢው እረኛ አለ። በአንድ ሰዓት በአንድ መንገድ ላለመመላለስ የሚጠነቀቅ አዛዥ አለ። ሾጣጣ ሆድ፣ የተንጠለጠለ ወንበርና የታሰረ ቀበቶ አለ። በመጨረሻም ደም ፈስሶ ሳያልቅ የሚደርስ ሐኪምና ሄሊኮፕተር አለ። መኪናው ከእነዚህ አንዱ ቀለበት ብቻ ነው። ማቦክ ላይ የተበጠሰው የመጨረሻው ቀለበት ነበር።

◾️ ምን ይጠየቅ?

መንግሥት አዲስ ብረት ለበስ ገዛ ወይም ሠራ ሲባል በሰልፍ ላይ የሚታየው ቁመናው ነው። ጎማው ትልቅ፣ ቀለሙ አዲስ፣ መትረየሱ የሚያስፈራ። ልጁን የላከ ቤተሰብና ዜናውን የሚያነብ ዜጋ ግን ሌላ ነገር ቢጠይቅ ይሻላል። ወለሉ ጠፍጣፋ ነው ወይስ ሾጣጣ? ወንበሩ የተበየደው ከወለሉ ጋር ነው ወይስ ከግድግዳውና ከጣሪያው ተንጠልጥሏል? ወደ ውጭ አገር በሚላከው ጦር ውል ውስጥ ቁስለኛ የማንሳት ፈቃድ በማን እጅ ነው ያለው? ፈቃዱ ቢከለከል ተጠያቂው ማን ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች የጦር ምስጢር አያወጡም። ሌሎች አገሮች በፓርላማቸው በግልጽ ይከራከሩባቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ነገሩን ያፋጠነው የአንድ ተራ ወታደር ጥያቄ በይፋ መሰማቱ ነው።

ደምበጉና ላይ ዘጠኙ ታንኮች ብረት ለበስ ነበሩ፤ መተላለፊያውን ግን የእምሩ ሰዎች ይዘውት ነበር። ከሰባ አምስት ዓመት በኋላ አራት ኢትዮጵያውያን አብዬ ሲላኩም መሄዳቸው ብቻ ነበር የታሰበው፤ ቢቆስሉ በየትኛው ሰማይ እንደሚመለሱ አስቀድሞ አልተቋጨም። በዊንጌት አደባባይ በኩል ወደ ሥራው የሚሄድ የጉለሌ ሰው ልጁ፣ ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ለሰላም ማስከበር ሲሸኝ ይህንን ያስታውስ። መኪናው ጥሩ ይሁን፤ መመለሻውም አብሮ ይጠየቅ።