የመርካቶ ሌላዋ ባለቤት

የመርካቶ ታሪክ በተተረከ ቁጥር የሊስትሮ ሣጥን ይቀድማል። አንድ ብላቴና ከጉራጌ አገር በባዶ እግሩ ይመጣል፤ ጫማ ይጠርጋል፤ ከጫማ ጠረጋ ወደ ሎተሪ፣ ከሎተሪ ወደ አዙሮ መሸጥ፣ ከዚያም ወደ ሱቅ ይሸጋገራል፤ በመጨረሻም ሕንፃ ያቆማል። ትረካው ሐሰት አይደለም፤ እንዲህ ያደጉ ሰዎች በርግጥ ነበሩ፣ አሉም። ነገር ግን ያ ብላቴና ሣጥኑን ከመሸከሙ በፊት አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል። እነዚያን ዓመታት ማን አኖረው? ምን በልቶ አጥንቱ ጠና? ተራኪዎቻችን ይህን ሲደርሱበት «ከገጠር መጣ» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል።

ጥያቄውን ይዘን ብንነሣ መንገዳችን በአውቶቡስ ተራ በኩል ነው። በመርካቶ አነጋገር «ተራ» የአንድ ዓይነት ሸቀጥ መደዳ ነው፤ ጎማ ተራ ጎማ፣ ሸራ ተራ ሸራ ይሸጣል። በአውቶቡስ ተራ ግን የሚሸጠው መንገድ ነው። ይህ የአዲስ ከተማ መናኸሪያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከገጠር ለሚመጣ ሰው የመዲናይቱ በር ሆኖ ኖሯል። ለጉራጌ ቤተሰብ ደግሞ ከበርም በላይ ነበር፤ ለሁለት የተከፈለ የአንድ ቤት መካከለኛ ክፍል ነበር ማለት ይቻላል። በወዲህ በኩል ሱቁና ባልየው፣ በወዲያ በኩል እርሻው፣ ሚስቲቱና ሕፃናቱ።

ቤቱ እንዴት ለሁለት ተከፈለ? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። የጉራጌ ምድርም በዚያው ዘመን አካባቢ በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባ። አዲሲቱ ከተማ መሠረት የሚቆፍር፣ ድንጋይ የሚሸከም፣ እንጨት የሚፈልጥ ጉልበት ትፈልግ ነበር፤ ግብሩ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ይፈልግ ነበር። በጉራጌ አገር ሰው ብዙ፣ መሬት ጥቂት ነው፤ አባት ለልጆቹ ያካፈለው ማሳ በልጅ ልጅ ጊዜ የእጅ መዳፍ ያህል ይቀራል። ስለዚህ ወንዱ ወደ ከተማ ወረደ። ጣልያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወስዶ ሲተክለውና «መርካቶ» ሲለው፣ ከወረራውም በኋላ የዐረቡና የሌላው የውጭ አገር ነጋዴ ቦታ ቀስ በቀስ ወደ አገሬው እጅ ሲገባ፣ ጉራጌው እዚያው ነበር።

ግን ድህነትና ግብር ብቻቸውን ይህን ሁሉ አያስረዱም። ድሀ ገበሬ በመላ ኢትዮጵያ ነበር፤ ግብርም በመላ ኢትዮጵያ ነበር። ታዲያ ስለምን ጉራጌው ቤቱን ሳያፈርስ በሁለት ቦታ ሊኖር ቻለ? እኔ መልሱን የማገኘው በእንሰት ውስጥ ነው።

በሞፈርና ቀንበር አገር፣ በጎጃም ወይም በሸዋ ደጋ፣ ባልየው በክረምት መግቢያ ከሌለ ማሳው ጦም ያድራል። በሬ የሚጠምድ፣ ዕርፍ የሚጨብጥ ወንድ የግድ ነው፤ ጊዜውም አይጠብቅም። የእንሰት እርሻ ጠባይ ሌላ ነው። ማሳው ከቤቱ ጀርባ፣ ከጓሮው በር ይጀምራል። በሬ አይሻም፣ በመቆፈሪያ ይሠራል። አጨዳና ውቂያ የለውም፤ አንዱ ተክል ዛሬ ባይነሣ ከወር በኋላ ይነሣል፣ ከዓመት በኋላም ይነሣል። የሚሻው የየዕለት እጅና ፍግ ነው። ያንን ደግሞ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ምድጃዋን ሳትርቅ፣ ከከብቶቿ ጋር ልትሰጠው ትችላለች። ችግኙን መትከልና ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር በልማድ የወንድ ሥራ ነበር፤ ባል በሌለ ጊዜ ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ይደርሳል፤ እሱም ባይሆን ሴቲቱ ራሷ ትተክላለች። ዊልያም ሻክ የተባለው አንትሮፖሎጂስት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ላይ በቸሃ ቆይቶ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው መጽሐፍ ጉራጌን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ግን አንድ እርምጃ ልጨምርበት እደፍራለሁ። እንሰት የጉራጌን ገጠር ብቻ አልሠራም፤ ባልየውን ከማሳው ነፃ አውጥቶ መርካቶንም ሠርቷል።

እንሰት ሲባል ላላየ አንባቢ፣ መልኩ ሙዝ ይመስላል፤ የሚበላው ግን ፍሬው አይደለም፣ ግንዱና ሥሩ እንጂ። ለመድረስ እንደ አየሩና እንደ ዘሩ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። እንግዲህ አስቡት፤ ልጅ በተወለደበት ዓመት የተተከለው እንሰት ለመፋቅ ሲደርስ፣ ልጁም ጥጃ ለመጠበቅ ይደርሳል። እናት የሁለቱንም ዕድሜ በአንድ ቁጥር ትይዛለች።

ልጁን ያሳደገው ነገር ሁሉ ከዚያ ጓሮ ይወጣል። አራሷ የምትጠገነው በቡላ ገንፎ ነው። ቅጠሉ ምንጣፍ ነው፣ መሶብ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ጥላ ነው፣ ለሚዳህ ሕፃንም መጫወቻ ነው። ሥሩ ተቀቅሎ አሚቾ ይሆናል፤ የተራበ ልጅ ቆጮ እስኪበስል አይጠብቅም፣ በአሚቾ ይታለላል። ቆጮው ግን የዋዛ ሥራ አይደለም። ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ በጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተጠቅልሎ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀበራል፤ ይገላበጣል፣ ይታሻል። ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ነው፤ ለአንዲት ሴት አይቻልምና ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ተራ በተራ ይሠሩታል፤ ሕፃናት በዙሪያቸው ቅጠል እየጎተቱ፣ የቻሉትን እያቀበሉ ይውላሉ። ከፍቁ የሚተርፈው ቃጫ ደግሞ ገመድ ይሆናል፤ ብዙ የመርካቶ ሸክም የታሰረው በእነዚህ ሴቶች እጅ በተፋቀ ቃጫ ነው።

እንሰት ሆድ ይሞላል፤ ገላ የሚሠራው ንጥረ ነገር ግን ጥቂት ነው። ይህን ዛሬ የሥነ ምግብ ባለሙያ በቁጥር ያሳየናል፤ እናቶቹ ያለ ቁጥር ያውቁት ነበር። ለዚህ ነው ጎመኑና አይቡ፣ ከሁሉ በላይ ላሟ፣ በሕፃናት አስተዳደግ ውስጥ ትልቅ ቦታ የያዙት። ከብቶቹ ሌሊት ከሰዎቹ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ማለዳ እናትና ሴት ልጅ ፍጉን ወደ እንሰቱ ያወጣሉ፤ ታናናሾቹ ጥጆቹን በጀፎረ ላይ ያሰማራሉ። ጀፎረ በቤቶቹ ፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ መንገድም፣ ግጦሽም፣ የልጆች መጫወቻም፣ የሽማግሌዎች ሸንጎም ነው። ልጅ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ግን ሥራው ከእናቱ ድምፅ አይርቅም። ጀፎረው ላይ የወደቀን ሕፃን የሚያነሣው ያየው ሰው ሁሉ ነው።

ሴቶቹም የራሳቸው ገንዘብ ቤት ነበራቸው፤ ውጆ ይባላል። ወተቱ የአንዲት ሴት ላም ብቻ ቢሆን ለቅቤ አይበቃምና፣ በየተራ ለአንዷ እየሰጡ ያጠራቅማሉ። እቁብን ስናደንቅ የመርካቶን ነጋዴ እናነሣለን፤ ያው የተራ ስሌት በወተት ዕቃ እንደሚሠራበት የምናነሣው ስንቶቻችን ነን? ነጋዴው የተራን ሒሳብ ከመርካቶ በፊት በእናቱ ጓዳ አላየውም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ክርክሩን እወደዋለሁ።

አባት የሚመጣው ለመስቀል ነው። ሙስሊሙ ጉራጌና ስልጤው ለአረፋ ይገባል። ከመስከረም መባቻ ጀምሮ መናኸሪያው ይጨነቃል፤ መኪናው አይበቃም፣ ሰልፉ ይረዝማል፤ ስኳሩ፣ ጨርቁ፣ የልጆቹ ጫማ ተጭኖ ይሄዳል። ወዲያ ማዶ ደግሞ እናት ዓመቱን ሙሉ በውጆ ያጠራቀመችው ቅቤ፣ ለዚሁ ቀን የቆየው ቆጮ ይጠብቃል። የበዓሉ ዋዜማ የሴቶች ነው፤ ደንጌሳት ይሉታል፣ የጎመን ክትፎ በቅቤ የሚበላበት። ዕርዱ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሰንጋው የአባት ድርሻ ነው። ልጅ በዚያ ሳምንት አባቱን ያያል። ስንት ጥርስ እንደነቀለ፣ ስንት ጥጃ እንደጠበቀ ለዚያ ሰው ይነገረዋል። ሳምንቱ ሲያልቅ እንግዳው ተመልሶ ይሄዳል። «እንግዳው» ያልኩት አባቶችን ለመዝለፍ አይደለም፤ ብዙዎቹ በበረንዳ እያደሩ ለቤታቸው የላኩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሁለትና ሦስት ትውልድ አባቱን በዓመት በዓል እየቆጠረ ማደጉ ታሪክ ነውና በታሪክነቱ መመዝገብ ይገባዋል።

ሌላም ምሬት ነበር። አንዳንዱ በከተማ ሌላ ቤት መሠረተ፤ እርሻ ጠባቂዋ ግን ታስራ ቀረች። በጉራጌ ባህል ሕግ ወንድ ሚስቱን ካልፈታት ሌላ ማግባት የማትችልበት ልማድ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረችው የቃቄ ውርድወት ሴቶችን አስተባብራ የጆካ ሸንጎ ድረስ የሄደችው ይህንኑ ልትሞግት ነው። መርካቶ ገና አልተፀነሰችም ነበር። የባሎች መራቅ በዚያ ልማድ ላይ ሲደረብ ሸክሙ ምን ያህል እንደከበደ መገመት አያዳግትም።

ሥነ ጽሑፋችን ለዚህ ሕይወት ዓይኑን ጨርሶ አልጨፈነም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የአንድን የጉራጌ ገጠር ልጅ ዕድገት በቸሃ ቋንቋ ጻፈ፤ በቮልፍ ሌስላው ተርጓሚነት «የሽነጋ መንደር» በሚል ትርጉም በ1964 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ ታተመ። በእናቱ ቋንቋ የተጻፈ የመንደር ልጅነት አስቀድሞ ለባዕድ አንባቢ መድረሱ ያስቆጫል፤ መጻፉ ግን ያኮራል።

በዚያው ዘመን ግድም፣ በ1950ዎቹ (ዓ.ም.)፣ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበራት አቋቁመው ከነጋዴውም ከወዛደሩም መዋጮ እየሰበሰቡ መንገድ ማውጣት ጀመሩ። ትምህርት ቤትም ተከተለ። ድሮ በእግር ቀናት የሚፈጀው ጉዞ በአውቶቡስ የአንድ ቀን ሆነ። ሁለቱ የቤቱ ክፍሎች ተቀራረቡ፤ ግን አልተገናኙም።

ከዚያ 1967 መጣ። የካቲት 25 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን የሕዝብ ሲያደርግ፣ በፆታ ሳይለይ በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ይሰጠዋል አለ። በግሉ የሚያርሰው ማን ነበር? መርካቶ ያለው ባለ ሱቅ ወይስ ከጓሮው ያልተለየችው ሴት? የባልየው የገጠር እግር የቆመው በእሷ እግር ላይ እንደነበር ሕጉ ሳያስበው ገለጠው። በሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ያ ለሁለት የተከፈለ ቤት ከሁለቱም ወገን ተመታ። ሱቁ ያጠበበውን የቻለው፣ በብዙ ቤት፣ እንሰቱ ነው። በ1977ቱ ዘመነ ረኃብ የሰሜኑ እናት ልጆቿን ይዛ ወደ መጠለያ ስትሰደድ፣ የእንሰት አገር እናት ከጓሮዋ ነቅላ አበላች።

ባለቤት የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው፤ የትዳር ጓደኛም ነው፣ የንብረት ጌታም ነው። ለጉራጌዋ ገበሬ ሁለተኛው ትርጉም እስኪመጣላት ብዙ ቆየ። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) ማብቂያ፣ በያኔው ደቡብ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ሲታደል፣ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍር ጀመር። አያቷ የተከለችው፣ እናቷ የፋቀችው፣ እሷ ያዳበረችው ማሳ በስሟ በወረቀት ተጻፈ።

ዛሬ መልኩ ተለዋውጧል። ብዙ ቤተሰብ ጠቅልሎ ከተማ ገብቷል፤ ሕፃናቱ የሚያድጉት በኮንዶሚኒየም ነው፤ እንሰቱን አያት ትጠብቀዋለች፤ ተክሉን የሚያጠወልገው በሽታም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ያሳስባታል። ለመስቀል የሚሄዱት ልጆች አሁን እነሱ እንግዶች ናቸው፤ ጀፎረው ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይሮጣሉ፣ ጥጃ ይፈራሉ። በዓሉ አልፎ አውቶቡሶቹ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ጣራቸው ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይታያል። መናኸሪያው ሲደርሱ ወዛደሮቹ ያወርዱታል፤ እያንዳንዱ ጥቅል ላይ የታሰረው ቃጫ አያትየው ራሷ የፋቀችው ነው።