ደቂቃ የማይቆጠርበት ስልክ

እህቶቼ፣ የውጭ አገር ስልክ በደቂቃ ይቆጠር እንደነበር ለልጆቻችን ስንነግራቸው ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። አንዲት የጅዳ ደንበኛዬ ካርዷ እንዳያልቅባት ተቻኩላ «ቀይ ጥለት» ስትለኝ «ቀጭን ጥለት» ብዬ ሰማሁ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ስድስት ነጠላ አሠርቼ ታቅፌ ቀረሁ።

በኢንተርኔት መደወል ያኔም ነበር። ቮካልቴክ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ በ1995 እ.ኤ.አ. ፕሮግራሙን ሸጧል፤ ስካይፕም በ2003 መጣ። ድምፁ ተቆራርጦ እንደማንኛውም ዳታ ስለሚጓዝ ጅዳም ሆነ ጎረቤት ሒሳቡ አንድ ነው። በእኛ አገር ግን አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት የድምፅ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከለከለ። በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ ሲረቀቅ ደግሞ «ስካይፕ ያሳስራል» ተባለ። መንግሥት ወሬውን ቢያስተባብልም ፈርተን ከረምን።

ዛሬ ሸማኔው ራሱ በኢሞ ያነጋግራታል፤ ስለ ክሩ፣ ስለ ስፋቱ፣ ስለ ቀኑ። ዳታ መግዛቱ አልቀረም፣ ኔትወርኩም ያስለቅሳል። ግን ግማሽ ሰዓት በዋጋ ብንከራከር የሚቆጥርብን የለም፤ ሥራውም የሚጀመረው ትእዛዙን ደግማ ካረጋገጠች በኋላ ነው። እነዚያን ስድስት ነጠላዎችም የሸጥኳቸው በዚሁ በኢሞ ነው፤ ሁለቱን የገዛችኝ እሷው ናት።