ገናን የሰረቀው ግሪንች

የውርጌሳ ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! ተረት ተረት ስላችሁ የመሠረት በሉኝ።

በአሜሪካ አገር ዶክተር ስዩስ የሚሉት ደራሲና ሠዓሊ ነበረ። በፈረንጆች 1957 አንዲት ቀጭን የልጆች መጽሐፍ አወጣ። ግሪንች የሚባል ፍጥረት በተራራ ላይ ይኖራል፤ ከታች ካለው መንደር የሚሰማው የገና ሆታ ያንገበግበዋል። በዋዜማው የገና አባት ልብስ ለብሶ፣ ውሻውን አጋዘን አስመስሎ ወረደ። ስጦታውን፣ ጌጡን፣ የበዓሉን ምግብ ሳይቀር ጠራርጎ ወሰደ። ሲነጋ ለቅሶ እሰማለሁ ብሎ ጆሮውን አቀና። ሰዎቹ ግን እጅ ለእጅ ተያይዘው ዘመሩ! ያን ጊዜ ልቡ ሰፋ። የወሰደውን ሁሉ መለሰ፤ ከማዕዳቸው ቀርቦ ሥጋውን የቆረጠላቸውም እሱው ነው።

ይቺ ለመኝታ ሰዓት ትበቃለች፤ ለሲኒማ ግን አጭር ናት። በ1966 ቹክ ጆንስ የ26 ደቂቃ ካርቱን ሲያደርጋት ብዙ አልጨመረባትም። በ2000 ግን ሮን ሃዋርድ በሰው የሚተወን፣ 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ የሚፈጅ ኮሜዲ ሠራት። ያን ያህል ሰዓት የተቀመጠ ልጅ ደግሞ መጠየቁ አይቀርም፦ ግሪንች የመንደሩን ሰዎች ለምን ጠላቸው? መጽሐፉ ልቡ ትንሽ ስለሆነች ይሆናል ብሎ አልፎታል። ፊልሙ ልጅነቱን ፈጠረለት፤ ትምህርት ቤት የተሳቀበት ልጅ ነበር። እኔ ይህን ጭማሪ እወደዋለሁ። የተሳቀበትን ቀን የማያስታውስ ልጅ የለምና፣ በግሪንች የሚስቀው እያዘነለት ነው።

ሣቁስ እንዲሁ የመጣ እንዳይመስላችሁ! ግሪንችን የሆነው ጂም ኬሪ መጀመሪያ ቀን ለሜካፕ ብቻ 8 ሰዓት ተኩል ተቀመጠ። ሥቃዩ በዝቶበት ሥራውን ሊተው ሲል፣ ሥቃይን መቻል የሚያስተምር አሠልጣኝ አመጡለት። ሜካፑን የሠሩት ሪክ ቤከርና ጌይል ራያን ኦስካር ተሸለሙበት።

በእኛም አገር «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ በዓል ላይ ኮሜዲ ለኛ እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለ ፊልም ውርጌሳ ላይ የሚቀርጽ ቢመጣ ግን ሌባው ድካሙ ይበዛበታል። በእኛው በወሎ ክርስቲያኑ ለበዓሉ ሙስሊም ጎረቤቱን ሲጠራ በሙስሊም እጅ ያሳርድለታል፤ ድስቱም ለብቻ ነው። እንግዲህ ግሪንች ሁለት ድስት ተሸክሞ ዳገት ሊወጣ፣ ሲመልስም ሳያምታታ ሊያስረክብ ነው! እናንተ ደግሞ በር በሩ ላይ ቆማችሁ «ኧረ እሱ የነሱ ነው!» እያላችሁ ታርሙታላችሁ።