ጸሐፊው በገዛ ስሙ ሲመልስ

አንድ የምህንድስና ጽሑፍ ታትሞ ስለ ወጣ ብቻ ሥራው ተፈጸመ ማለት አይደለም። አንባብያን ይመረምሩታል፤ ይነቅፉታል፤ ጸሐፊውም በተራው መልስ ይሰጣል። መልሱ በማን ስም ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ የሙያ ማኅበራት ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ያስተምረናል።

በ1818 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥለው ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) በለንደን የተቋቋመው የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አባላት፣ በጉባኤ ፊት ጽሑፍ እያነበቡ መወያየትን ልማድ አደረጉ። በ1852 በኒውዮርክ የተመሠረተው የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበርም በበኩሉ ዋናውን ጽሑፍ፣ የአስተያየት ሰጪዎችን ቃል፣ በመጨረሻም የጸሐፊውን መዝጊያ ቃል ከነስማቸው በአንድነት ያትም ነበር።

የዚህን ሥርዓት ጥቅም ለማሳየት የፕሮፌሰር ሃርዲ ክሮስ (1885–1959) ታሪክ ይበቃል። በዚያ ዘመን የአንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ አግዳሚዎችና ዓምዶች የሚሸከሙትን ሞመንት ለማወቅ፣ ብዙ እኩልታዎችን በአንድነት መፍታት ግድ ነበር፤ ይህም እጅግ አድካሚ ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክሮስ ሌላ መንገድ አመጡ። በመጀመሪያ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ እንደ ተቆለፉ ይታሰባል። ቀጥሎም አንድ በአንድ ይፈታሉ፤ ሚዛን ያጣው ሞመንት እንደየግትርነታቸው ለአካላቱ ይከፋፈላል፤ ውፍረታቸው ወጥ በሆኑ አካላት ላይ የድርሻው ግማሽ ወደ ማዶው ጫፍ ይተላለፋል። ቀሪው እስኪያንስ ድረስ ይኸው ይደጋገማል። ኮምፒዩተር እስከ ተስፋፋበት ጊዜ ድረስ የብዙ ሕንፃዎች ስሌት በዚህ ዘዴ ተሠርቷል፤ እኛም በተማሪነታችን በእርሳስና በላጲስ ተለማምደነዋል።

ክሮስ ዘዴውን በግንቦት 1930 ሲያሳትሙ ጽሑፋቸው ዐሥር ገጽ ያህል ብቻ ነበር። በ1932 በማኅበሩ ዓመታዊ ጥራዝ ሲወጣ ግን ከአስተያየቶቹና ከጸሐፊው መዝጊያ ጋር 156 ገጽ ሞላ። አስተያየት የሰጡት መሐንዲሶች ከሠላሳ በላይ ነበሩ። ክሮስ ለዚህ ሁሉ በስማቸው መልስ ሰጡ፤ አንባቢውም ጸሐፊው የትኛው፣ ሐያሲው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ በራሱ መፍረድ ቻለ። ማኅበሩ በ1933 ለዚሁ ጽሑፍ የኖርማን ሜዳልያ ሸለማቸው።

ይህን ታሪክ ያለ ምክንያት አላነሣሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አንድ የአፈር መደገፊያ ግንብ ያዘጋጀሁት ስሌት በመሥሪያ ቤት ውስጥ ለውይይት ተበተነ። አንድ ባልደረባ፣ ከግንቡ በስተጀርባ የሚጠራቀመው ውኃ ግፊት አልታሰበም ሲል ጻፈ። እኔ በስሜ መልስ መስጠት አፈርኩ፤ መልሱን ራሴ አርቅቄ ወዳጄ እንዲፈርምበት ለመንኩት። ባልደረባዬም ሁለት መሐንዲሶች በየግላቸው የተስማሙ መስሎት ክርክሩን ተወ። ደግነቱ ቁፋሮ ሲጀመር ውኃው ራሱ ታየ፤ ግንቡ ሳይሠራም ማፋሰሻ ተጨመረለት። ባይታይ ኖሮ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለሙያ ባልደረቦቼ መዘርዘር አያስፈልገኝም።

ጥፋቴ የስሌት ስሕተት ብቻ አልነበረም። ስሌት ይታረማል። ከዚያ የከፋው አንዱን ድምፅ ሁለት አስመስዬ ማቅረቤና የባልደረባዬን ትክክለኛ ጥርጣሬ ዝም ማሰኘቴ ነው። ሰው በገዛ ሥራው ላይ አስተያየት ቢሰጥ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ከእርሱ የበለጠ ሥራውን የሚያውቅ የለም። ነገር ግን አንባቢው የቃሉን ክብደት መመዘን የሚችለው ተናጋሪውን ሲያውቅ ነው።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት ጽሑፍ የምናቀርብ ሁሉ፣ ጥያቄ ሲቀርብልን በስማችን እንመልስ። ሐያሲው ትክክል ሲሆንም «ልክ ነህ፣ ተሳስቻለሁ» ብለን ከበታቹ እንፈርም። እኔም የዘገየ ፊርማዬን እነሆ በዚህ ጽሑፍ አኖራለሁ።